ዊንዶውስ 11 የማይቀበሉ 3 የቢሮ ላፕቶፖች ላይ ሊኑክስ ሚንት ልንጭን ነው፤ ምን ምን ነጻ ሶፍትዌር እንጫን?

አዳማ_22

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ አነስተኛ ቢሮ 3 ላፕቶፖች አሉ። ሦስቱም 6ኛ ትውልድ ኮር አይ3፣ 4 ጊጋ ራምና 500 ጊጋ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያላቸው ናቸው። ዊንዶውስ 11 እነዚህን ፕሮሰሰሮች አይቀበልም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ስለዚህ ወደ ሊኑክስ ሚንት ልናዞራቸው ወስነናል። ሥራው ይህን ይመስላል፦

በአማርኛና በእንግሊዝኛ ደብዳቤ መጻፍ (አዲሶቹ በኒያላ፣ የድሮዎቹ በፓወር ግዕዝ ፎንት የተጻፉ ናቸው)፤ የደመወዝ መክፈያ በኤክሴል፤ ሒሳብ በፒችትሪ፤ በኤስፒኤስኤስ የመጠይቅ መረጃ መተንተን፤ ቴሌግራም፤ ፒዲኤፍ መቀላቀልና መቁረጥ፤ በኤችፒ ሌዘርጄት ፒ1102 ማተም።

ኢንተርኔቱ በሞባይል ዳታ ጥቅል ነው፤ ብዙ ማውረድ አንችልም። የትኞቹን ፕሮግራሞች እንጫን? በሊኑክስ የማይሆነውስ የትኛው ነው? በግልጽ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። ወንድማችሁ።

---

ሰባ_ደረጃ

የፕሮግራም ዝርዝር ይዘህ ከመጀመርህ በፊት ሚንት ራሱ ይዞት የሚመጣውን እይ። ሊብሬኦፊስ፣ ፋየርፎክስ፣ ተንደርበርድ ለኢሜይል፣ የፒዲኤፍ ማንበቢያ፣ የስካነር ፕሮግራም፣ በቢሮው ኔትወርክ ፋይል የሚያስተላልፈው ዋርፒኔተር፣ የሲስተም መመለሻው ታይምሺፍት፣ ሁሉም አብረው ይጫናሉ። ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ከ6 ወይም ከ7 ፕሮግራም አይበልጥም። በ4 ጊጋ ራም እያንዳንዱ ትርፍ ነገር ዋጋ አለው።

ከሚንት ሦስት መልኮች ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ውሰድ። ሲናሞንም በ4 ጊጋ ይሠራል፤ ግን ፋየርፎክስ ብዙ ገጽ ሲከፍት ቀድሞ የሚንቀራፈፈው እሱ ነው። የሚንት 22 ተከታታይ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድጋፍ ስላለው በየዓመቱ ሲስተም መቀየር የለብህም።

የሚወርደው ፋይል ወደ 3 ጊጋባይት የሚጠጋ ነው። በሞባይል ዳታ የወረደ ትልቅ ፋይል መሐል ላይ ሊበላሽ ስለሚችል የሻ256 ቁጥሩን (ፋይሉ ሳይበላሽ መውረዱን የሚያሳየውን መለያ) ሚንት ድረ ገጽ ላይ ካለው ጋር ሳታመሳክር አትጫን። በዊንዶውስ ላይ ሰርትዩቲል የሚባለው ትእዛዝ ቁጥሩን ያወጣልሃል። አንድ ፊደል እንኳ ከተለየ ፋይሉ የተበላሸ ነው፤ እንዲህ ባለ ፋይል የተጀመረ ጭነት ግማሽ መንገድ ላይ ሊቆም ይችላል። ከዚያ በሩፈስ ወይም በቬንቶይ 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ ጻፈው። ቬንቶይ ከሆነ ፋይሉን ፍላሹ ላይ መቅዳት ብቻ ይበቃል፤ በዚያው ፍላሽ ሌላ ሲስተምም መያዝ ትችላለህ።

ከፍላሹ አስነስተህ ሳትጭን ዋይፋይ፣ ድምፅ፣ የስክሪን ብርሃንና የእንቅልፍ ሁኔታ ፈትሽ። ዋይፋዩ ካልታየ (ብሮድኮም ቺፕ ላይ የተለመደ ነው) ስልክህን በዩኤስቢ አገናኝተህ ኢንተርኔቱን አጋራና ድራይቨር ማኔጀርን ክፈት፤ የጎደለውን ድራይቨር እሱ ያወርደዋል።

ጭነቱ ላይ የሚያስቸግሩ ሦስት ነገሮች አሉ።

ጫኚው ሃርድ ዲስኩን ጭራሽ ካላየው ባዮስ (ላፕቶፑ ሲበራ የሚከፈተው የማዘርቦርድ ማስተካከያ) ውስጥ የሳታ አሠራሩ ኢንቴል አርኤስቲ ወይም ሬይድ ላይ ተደርጎ ሊሆን ይችላል። ወደ ኤኤችሲአይ ቀይረው። ዊንዶውስን ጎን ለጎን የምታቆይ ከሆነ ግን ዝም ብለህ አትቀይር፤ ዊንዶውስ መነሳት ያቅተዋል። መጀመሪያ በሴፍ ሞድ እንዲነሳ አድርገህ ነው የሚቀየረው።

ሁለተኛው ፋስት ስታርትአፕ ነው። ዊንዶውስ ሲዘጋ በእውነት አይዘጋም፤ ከፊሉን ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል። ሊኑክስ ያንን የዊንዶውስ የዲስክ ክፍል (ክፍልፍል) ሲያገኝ ለመጻፍ እንቢ ይላል፤ ማንበብ ብቻ ይፈቅዳል። ከፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ አጥፋው። ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) ካለም ቁልፉን በወረቀት ሳትጽፍ ምንም አትነካካ።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። ሁለቱም ሲስተም ባሉበት ላፕቶፕ ከሊኑክስ ወደ ዊንዶውስ ስትመለስ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል። ሊኑክስ የማዘርቦርዱን ሰዓት በዓለም አቀፍ ሰዓት ሲይዝ ዊንዶውስ ደግሞ ያንኑ እንደ አካባቢው ሰዓት ያነበዋል፤ የእኛ ልዩነት 3 ሰዓት ነው። ባትሪው አልቆ እንዳይመስልህ። በተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት) ታይምዴትሲቲኤል በሚባለው ትእዛዝ «ሴት-ሎካል-አርቲሲ» 1 ስታደርገው ይስተካከላል።

ከተጫነ በኋላ ልትጨምር የሚገባህ፦ ለቪዲዮና ለድምፅ ቪኤልሲ፤ ለፒዲኤፍ ፒዲኤፍ አሬንጀር (ገጽ መቀላቀል፣ መቁረጥ፣ ማዞር፤ እጅግ ቀላል ነው)፤ ለቢሮው ፓስወርዶች ኪፓስኤክስሲ፤ ለቴሌግራም ራሱ ቴሌግራም ዴስክቶፕ፣ እሱም ክፍት ምንጭ ነው፣ ፍላትፓክ የሚባሉት የፕሮግራም ጥቅሎች ከሚገኙበት ከፍላትሀብ ውሰደው። ኪፓስኤክስሲ ሁሉንም በአንድ የተቆለፈ ፋይል ይይዛል፤ ዋናው ፓስወርድ ከጠፋ ግን የሚከፍተው የለም፤ ቅጂውን ፍላሽ ላይ፣ ፓስወርዱን በታሸገ ፖስታ አኑሩ።

አንቲቫይረስ ትጠይቅ ይሆናል። ክላምኤቪ አለ፤ ግን የቫይረስ ዝርዝሩን ራም ላይ ሲጭን ከ1 ጊጋ በላይ ስለሚወስድ በ4 ጊጋ ላፕቶፕ ላይ ሁልጊዜ እንዲሠራ አታድርገው። ከኅትመት ቤትና ከኢንተርኔት ካፌ በፍላሽ የሚመጣው፣ ፎልደሮችን ደብቆ በምትካቸው ሾርትከት የሚያስቀምጠው ቫይረስ ሊኑክስ ላይ አይነሳም። እንዲያውም የደበቃቸውን ፎልደሮች የሊኑክስ ፋይል ማኔጀር እንደ ማንኛውም ፎልደር ያሳያቸዋል። ሾርትከቶቹን አጥፍተህ ፎልደሮቹን መገልበጥ ነው።

በጀት ካላችሁ ደግሞ ከማንኛውም ሶፍትዌር በፊት ለእያንዳንዱ ላፕቶፕ ኤስኤስዲ ግዙ። 240 ጊጋው ይበቃል። በሚሽከረከር ዲስክ ላይ ሊብሬኦፊስ እስኪከፈት የሚወስደው ጊዜ ሠራተኛውን ከሊኑክስ ጋር ያጣላዋል፤ ጥፋቱ የዲስኩ ሆኖ ሳለ።

---

ጣና_ዳር

ሰባ_ደረጃ ስለ ጭነቱ የሚባለውን ብሏል። እኔ ስለ ሰነዶቹ ልጨምር፤ ቢሮ ውስጥ ሊኑክስ የሚወደደውም የሚጠላውም እዚያ ላይ ነው።

ሰው «ሊብሬኦፊስ ደብዳቤዬን አበላሸው» የሚለው በአብዛኛው ፎንት ስለሌለ ነው። ሰነዱ በካሊብሪ ተጽፎ ካሊብሪ ማሽኑ ላይ ከሌለ ሌላ ፎንት ይተካል፤ የፊደሉ ስፋት ስለሚለያይ መስመሩ ይሰበራል፣ ፊርማው ወደ 2ኛው ገጽ ይወርዳል። መድኃኒቱ ካርሊቶና ካላዴያ የሚባሉትን ነጻ ፎንቶች መጫን ነው። ካርሊቶ ከካሊብሪ ጋር፣ ካላዴያ ከካምብሪያ ጋር በስፋት እኩል ናቸው። ሊብሬኦፊስ ራሱ አውቆ ይተካቸዋል፤ አንተ የምታስተካክለው ነገር የለም። ለኤሪያልና ለታይምስ ኒው ሮማን ሊበሬሽን የሚባሉት ፎንቶች ተጭነው ይመጣሉ።

የአማርኛው ግን እንዲህ አይቀልም። ኒያላ የዊንዶውስ ፎንት ነው፤ ፈቃዱም ከዊንዶውስ ጋር የተያያዘ ነው። ሊኑክስ ላይ የኒያላ ሰነድ ስትከፍት ፊደሉ በትክክል ይነበባል፣ መልኩና ስፋቱ ግን ይለወጣል። ለእኔ የሚሻለው ቢሮው በሙሉ ወደ አንድ ነጻ ፎንት መዞሩ ነው። ሁለት ጥሩ ምርጫ አለ፦ አቢሲኒካ ሲልና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ። አቢሲኒካ የብራና መልክ አለው፣ ለረጅም ጽሑፍ ዓይን አያደክምም፤ ግን ደማቅ ዓይነት የለውም። ቦልድ ስታደርገው ፕሮግራሙ ራሱ አወፍሮ ነው የሚያሳይህ፣ ያ ደግሞ ሲታተም ቀለም የፈሰሰበት ይመስላል። ኖቶ ከስስ እስከ ወፍራም ሁሉም ክብደት አለው፤ ርዕስና ንዑስ ርዕስ ለሚበዛበት ሪፖርት እሱን ምረጥ። ሁለቱም ዊንዶውስ ላይም በነጻ ስለሚጫኑ ለምትላላኩት ሌላ ቢሮም ልትሰጧቸው ትችላላችሁ። ካልሆነ ፋይል፣ ፕሮፐርቲስ፣ ፎንት በሚለው ገጽ ውስጥ ፎንቱ ከሰነዱ ጋር እንዲታቀፍ ምልክት አድርግ።

የፓወር ግዕዝ ሰነዶች ጉዳይ የተለየ ነው፤ አሁኑኑ፣ ዊንዶውሱ ሳይጠፋ መፈታት አለበት። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደሎች ሁሉ የየራሳቸውን ኮድ የሚሰጠው መለኪያ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የእንግሊዝኛ ፊደል ቦታ ላይ የአማርኛ ቅርጽ ነው የሚስሉት። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው የላቲን ኮድ ስለሆነ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ይታያል፤ ፍለጋም አይሠራም፣ ወደ ቴሌግራም ብትገለብጠውም ያው ነው። ስለዚህ፦ በማኅደር የሚቀመጡትን ሁሉ አሁን ዊንዶውሱ ላይ ሆነህ ወደ ፒዲኤፍ ቀይራቸው፤ በየጊዜው የምትጠቀሙባቸውን ቅጾች (የፈቃድ፣ የሥራ ልምድ፣ የክፍያ) በዩኒኮድ እንደ አዲስ ጻፏቸው። አጭር ቅጽ መቀየሪያ ፍለጋ ከመባከን እንደገና መጻፉ ይፈጥናል።

ስለ ኤክሴሉ። መክፈያው ውስጥ ኤክስሉክአፕ የሚል ቀመር መኖሩን አሁኑኑ ፈልግ። ሊብሬኦፊስ ይህን ቀመር ያወቀው ከ24.8 ጀምሮ ነው፤ ሚንት 22 ይዞት የሚመጣው ግን 24.2 ነው። ፋይሉ ሲከፈት ቀድሞ የተሰላው ውጤት ስለሚታይ ሁሉም ልክ ሊመስል ይችላል፤ የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ ስትነካ ስሕተት ይጽፋል። ወይ በቪሉክአፕ፣ ወይ በኢንዴክስና በማች ተካው፤ አለዚያ አዲሱን ሊብሬኦፊስ ጫን። ፊልተር፣ ሶርትና ዩኒክ የሚባሉት ቀመሮችም እንዲሁ ናቸው። የቪቢኤ ማክሮ (በኤክሴል ፋይል ውስጥ የተጻፈ ትንሽ ፕሮግራም) ያለበት ፋይል ከሆነ ግን በከፊል ብቻ ነው የሚሠራው፤ የወር መክፈያ ቀን ከመድረሱ በፊት ባለፈው ወር ውሂብ ሞክሩት፣ የግብሩንና የጡረታውን ድምር ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ።

ሰነድ ስለ ማስቀመጥ፦ ሊብሬኦፊስ በራሱ ኦዲቲ በሚባለው ዓይነት ያስቀምጣል። ቱልስ፣ ኦፕሽንስ፣ ሎድ/ሴቭ፣ ጄኔራል ውስጥ ገብተህ ሁልጊዜ በወርድ ዓይነት እንዲያስቀምጥ ማድረግ ይቻላል። የእኔ ምክር፦ ቢሮ ውስጥ የሚቀረው በኦዲቲ ይሁን፤ ወደ ውጭ የሚሄድ ያለቀ ደብዳቤ በፒዲኤፍ ይሂድ፤ ሌላው ወገን አርሞ የሚመልሰው ብቻ በዲኦሲኤክስ ይሁን። አንድ ሰነድ በሁለቱ ዓይነቶች መካከል ደጋግሞ ሲመላለስ ነው ሰንጠረዡና ቁጥሩ የሚዛነፈው።

ከሌላ ቢሮ ጋር በየቀኑ የወርድ ፋይል የምትቀባበሉ ከሆነ ኦንሊኦፊስ ዴስክቶፕ ኤዲተርስን እይ። ክፍት ምንጭ ነው፣ የወርድን አቀማመጥ ከሊብሬኦፊስ ይልቅ ይጠብቃል። ከበድ ስለሚል ግን በ4 ጊጋ ላይ ከፋየርፎክስ ጋር አብሮ ሲከፈት ይሰማል። አንዱ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ይኑር።

---

ደብረ_ዳሞ

በአንድ ነገር ከሰባ_ደረጃ ጋር አልስማማም። ዳታ በጥቅል ለሚገዛ ቢሮ ፍላትፓክን እንደ መጀመሪያ ምንጭ መምከር ተገቢ አይደለም። ፍላትፓክ ፕሮግራሙን የሚያወርደው የሚንተራስበትን መሠረት ጨምሮ ነው። ትንሽ ፕሮግራም ብትመርጥም የመጀመሪያው ቀን ብዙ መቶ ሜጋባይት ይወርዳል፤ ዝመናውም እንዲሁ ይበላል። ሶፍትዌር ማኔጀር ውስጥ አንዱ ፕሮግራም በሁለት መልክ ሲቀርብ «ሲስተም ፓኬጅ» የሚለውን ምረጥ። ቪኤልሲ፣ ፒዲኤፍ አሬንጀር፣ ኪፓስኤክስሲ ሁሉም በዚህ መልክ አሉ።

ሦስት ማሽን ስላላችሁ አንድ ጊዜ አውርዳችሁ ለሦስቱም መጠቀም ይቻላል። ሁለት መንገድ አለ። ቀላሉ በተርሚናል አፕት-ጌት ተጠቅሞ መጫን ነው፤ ያወረዳቸውን የዴብ ፋይሎች (የሚንት የፕሮግራም መጫኛ ፋይሎች) ቫር፣ ካሽ፣ አፕት፣ አርካይቭስ የሚባለው ፎልደር ውስጥ ያቆያቸዋል። አጭሩ «አፕት» ግን ከጫነ በኋላ ያጠፋቸዋል፤ ልዩነቱን ብዙ ሰው አያውቀውም። ፋይሎቹን በዋርፒኔተር ወይም በፍላሽ ወደ ሌሎቹ ማሽኖች እዚያው ፎልደር ውስጥ ገልብጣቸው። የፓኬጅ ዝርዝሩን እዚያም ካደስክ በኋላ ያንኑ የመጫኛ ትእዛዝ ስትሰጥ ማሽኑ ፋይሉን ስለሚያገኘው ዳግመኛ አያወርድም። ሦስቱም አንድ ዓይነት የሚንት ስሪት መሆን አለባቸው።

ሁለተኛው መንገድ አፕት-ካሸር-ኤንጂ ነው። አንዱ ላፕቶፕ ላይ ይጫናል፤ ሁለቱ ማሽኖች ዝመናቸውን በ3142 በር በኩል ከእሱ ይጠይቃሉ፣ እሱም አንዴ ያወረደውን ይሰጣቸዋል። ሁልጊዜ የሚበራ ማሽን ካላችሁ ይህ ይሻላል፤ ከሌለ የመጀመሪያው ይበቃል።

አፕዴት ማኔጀርን በራሱ እንዲያወርድ አታድርጉት፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ ጥቅሉ ርካሽ በሆነበት ሰዓት በእጅ አስጀምሩት። የደኅንነት ዝመናን ግን አትዝለሉ፣ ፋየርፎክስን በተለይ።

አንድ ማስጠንቀቂያም ልስጥ። የዴብ ፋይል ከቴሌግራም ቻናል አትቀበል። የሊኑክስ ፕሮግራም ሲጫን የአስተዳዳሪ ሥልጣን ነው የሚወስደው፤ እንዲህ ያለው ፋይል ማሽኑ ላይ ያሻውን ማድረግ ይችላል። ነጻ የሆነውን ነገር ከምንጩ መውሰድ ምንም አያስከፍልም።

---

ሰባ_ደረጃ

ስለ ዳታው ትክክል ነህ፤ ፍላትፓክን ለቴሌግራም ያልኩት በሚንት የራሱ የፕሮግራም ማከማቻ ውስጥ ያለው ስሪት ስለሚያረጅ ነው። ለዚህ ቢሮ ግን የቴሌግራምን የራሱን የሊኑክስ ፋይል ከድረ ገጹ ማውረድ ይሻላል፤ ተጨምቆ ይመጣል፣ ትፈታዋለህ፣ ትከፍተዋለህ፣ ራሱን ያድሳል። ፍላትፓክ መጠቀም ግድ ከሆነ ሚንት 22 ላይ ያልተረጋገጡ ፍላትፓኮች በመጀመሪያ እንደማይታዩ እወቅ። የፈለግኸው ፕሮግራም ከሶፍትዌር ማኔጀር የጠፋ ከመሰለህ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ከፕሪፈረንስስ ውስጥ ማሳየት ይቻላል፤ ሥጋት እንዳለው ግን እዚያው ይነግርሃል።

---

አዳማ_22

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የፓወር ግዕዙን ነገር ባትነግሩኝ ዲስኩን አጥፍቼው ነበር።

ከፍላሹ አስነስቼ እየሞከርኩ ነው። ኪቦርድ ሴቲንግ ውስጥ «አማርኛ» የሚል ሌይአውት ጨመርኩ፤ ነገር ግን ፊደሉና አናባቢው ተነጣጥለው ይወጣሉ፣ «ለ» ልጽፍ ብል አይዋሃድም። ይህን እንዴት ነው የምፈታው? የፒችትሪውንና የኤስፒኤስኤሱንም ጉዳይ የምታውቁ ካላችሁ።

---

የፊደል_ገበታ

እዚያ የጨመርከው ተራ የቁልፍ ሰሌዳ ነው፤ በተለመደው አቀማመጥ አንድ ቁልፍ ሲነካ አንድ ምልክት ይሰጣል፣ ያበቃል። አማርኛ ግን ሁለት ቁልፍ ተጠብቆ ወደ አንድ ፊደል መቀየር አለበት። ያንን የሚሠራው ግቤት ዘዴ የሚባለው ሌላ ክፍል ነው። ያከልከውን ሌይአውት አጥፋውና እንዲህ አድርግ።

አይባስ እና አይባስ-ኤም17ኤን የሚባሉትን ሁለት ፓኬጆች ጫን (ሁለተኛው መሐሉ ላይ 17 ቁጥር አለው)። ከሜኑ «ኢንፑት ሜተድ» የሚለውን ክፈትና አይባስን ምረጥ። አሁን ውጣና እንደገና ግባ፤ መስኮት መዝጋት አይበቃም፣ ምክንያቱም ፕሮግራሞች የትኛውን ግቤት ዘዴ እንደሚጠቀሙ የሚነገራቸው ስትገባ ነው። ብዙ ሰው «አልሠራም» ብሎ የሚተወው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ አይባስ ፕሪፈረንስስን ክፈት፣ ኢንፑት ሜተድ፣ አድ፣ አማርኛ፣ «ሴራ» የሚለውን ጨምር። በሱፐርና በስፔስ ቁልፍ (ሱፐር የዊንዶውስ ምልክት ያለበት ነው) ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ትቀያየራለህ።

የሴራ አጻጻፍ ስልክ ላይ ከለመድከው ትንሽ ይለያል። ኤል ቁልፍ ብቻውን «ል» ነው። ኤል እና ኢ «ለ»፣ ኤል እና ዩ «ሉ»፣ ኤል እና አይ «ሊ»፣ ኤል እና ኤ «ላ»፣ ኤል እና ትልቁ ኢ (ከሺፍት ጋር) «ሌ»፣ ኤል እና ኦ «ሎ»። ትልቅና ትንሽ ፊደል ልዩነት አለው፦ ትንሹ ቲ «ት» ሲሆን ትልቁ ቲ «ጥ» ነው፤ ትንሹ ሲ «ች»፣ ትልቁ ሲ «ጭ»፤ ትንሹ ኤን «ን»፣ ትልቁ ኤን «ኝ»፤ ኤክስ «ሽ»፣ ኪው «ቅ»። ካፕስ ሎክ በርቶ ከተረሳ ጽሑፉ ሁሉ ይዘባረቃል። ሁለት ነጥብ ቁልፉ አንዴ «፡»፣ ሁለቴ «።» ይሰጣል፤ ኮማው «፣»፣ ሴሚኮለኑ «፤» ነው።

ሠራተኞቹ ዊንዶውስ ላይ ኪማን የሚባለውን የአማርኛ መጻፊያ የለመዱ ከሆነ ግን ሴራን አታስተምራቸው። ኪማን ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክፍት ምንጭ ነው፣ ለሊኑክስም አለ፤ የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ያዘጋጀው የአማርኛ ኪቦርድ ዊንዶውስም አንድሮይድም ሊኑክስም ላይ አንድ ነው። ኪማን የሚለውን ፓኬጅ ጫን፣ ኪማን ኮንፊገሬሽንን ክፈት፣ ኪቦርዱን ከውስጡ ፈልገህ አውርድ። እሱም በአይባስ በኩል ስለሚያልፍ ወጥቶ መግባቱ እዚህም አይቀርም። በፍላሽ የተነሳው ሲስተም ላይ ያደረግከው ሁሉ ማሽኑ ሲጠፋ ይጠፋል፤ ከተጫነ በኋላ ትደግመዋለህ።

---

ደብረ_ዳሞ

ስለ ፒችትሪ አጭሩ መልስ፦ ወደ ሊኑክስ አታምጡት። የሚሠራው ፐርቫሲቭ በሚባል የራሱ የውሂብ ቋት ላይ ነው፤ ወይን የሚባለው የዊንዶውስ ፕሮግራም ማስኬጃ ላይ በአስተማማኝ ሁኔታ አይሠራም። በቨርቹዋልቦክስ (በሊኑክስ ውስጥ ሌላ ሲስተም በሚያስኬድ ፕሮግራም) ውስጥ ዊንዶውስ መጫን ይቻላል፣ ግን 4 ጊጋ ራም ለሁለት ሲስተም አይበቃም፤ ቢያንስ 8 ሲሆን ብቻ አስቡት። ስለዚህ ከሦስቱ አንዱ ለሒሳብ ሠራተኛው በዊንዶውስ ይቆይ፣ ከኢንተርኔት ይነቀል። ፒችትሪ ከራሱ ሜኑ ባክአፕ ሲያደርግ ፒቲቢ የሚል ፋይል ያወጣል፤ ያንን በየሳምንቱ ወደ ሊኑክስ ማሽንና ወደ ውጭ ዲስክ ገልብጡ።

አዲስ በጀት ዓመት ላይ መዝገብ እንደ አዲስ የሚከፈት ከሆነ ግኑካሽ አለ። ድርብ መዝገብ ነው፣ ብርን ያውቃል፣ የ15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ በታክስ ቴብል ትሞላለህ። የፒችትሪን ፋይል በቀጥታ አይከፍትም፤ ሒሳቦቹን በሲኤስቪ አውጥቶ ማስገባት ነው። የደመወዝ ግብር ስሌት በውስጡ የለም፤ እሱ በመክፈያው ሰንጠረዥ ላይ ይቀጥላል። ዋናው ጥያቄ ግን ኦዲተራችሁ ምን ይቀበላል የሚለው ነው፤ እሱን ሳትጠይቁ አትቀይሩ።

ለኤስፒኤስኤስ ፒኤስፒፒ ጫን። ሳቭ የሚባሉትን የኤስፒኤስኤስ የመረጃ ፋይሎች ይከፍታል፣ ሜኑውም ይመሳሰላል፣ እጅግ ቀላል ስለሆነ ለእነዚህ ማሽኖች የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። ድግግሞሽ፣ ክሮስታብና ካይ ስኩዌር፣ ቲ-ቴስት፣ አኖቫ፣ ሊኒየርና ሎጂስቲክ ሪግሬሽን፣ የክሮንባኽ አልፋ፣ ፋክተር አናሊሲስ፣ ሁሉም አሉ። ሚክስድ ሞዴል የለውም፤ የአሞስ (የኤስፒኤስኤስ የመዋቅራዊ ሞዴል ፕሮግራም) ምትክም አይደለም። የጥናቱን ዕቅድ አውጣና የሚጠይቀውን ትንታኔ አንድ በአንድ አመሳክር። የጎደለ ካለ ጃሞቪን ወይም አር የሚባለውን እይ፣ ሁለቱም ነጻ የስታትስቲክስ ፕሮግራሞች ናቸው፤ ጃሞቪ በፍላትፓክ ስለሚመጣ ዳታ ይበላል፣ ከኤስፒኤስኤስ ለመጣ ሰው ግን ከአር ይልቅ ይቀርባል።

---

አዳማ_22

አማርኛው ሠራ፤ ወጥቼ ስገባ ወዲያው። አንዱን በዊንዶውስ ለማቆየት ተስማምተናል። የቀረኝ ፕሪንተሩ ነው። ከፍላሹ ስሞክር ፒ1102 ስሙ ይታያል፣ «ተላከ» ይላል፣ ወረቀት ግን አይወጣም። ባክአፑንም በምን እንደማደርግ ንገሩኝ።

---

ሰባ_ደረጃ

ፒ1102 የሚሠራው ኤችፒሊፕ በሚባለው የኤችፒ ድራይቨር ነው፤ ድራይቨሩ ክፍት ምንጭ ቢሆንም ይህ ሞዴል ከኤችፒ የሚወርድ ተጨማሪ ዝግ ፕለጊን ይፈልጋል። ያ ካልገባ ልክ እንዳልከው ሥራው የተላከ ይመስላል፣ ምንም አይወጣም። ኤችፒሊፕ-ጂዩአይን ጫን፣ ኤችፒ-ሴትአፕን አስነሳ፣ ዩኤስቢ የሚለውን ምረጥ፤ ፕለጊን እንዲያወርድ ሲጠይቅህ ፍቀድለት። ኢንተርኔት በዚያ ሰዓት መኖር አለበት።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ፈትሽ። ይህ ሞዴል ስማርት ኢንስቶል የሚባል ነገር አለው፦ ኬብሉ ሲሰካ ራሱን እንደ ሲዲ ያቀርባል፣ የዊንዶውስ ድራይቨሩ ከዚያ እንዲጫን። ሊኑክስ ላይ ይህ ያደናግራል፤ ፕሪንተሩ እንደ ዲስክ ብቻ ሊታይ ይችላል። የሚጠፋው በኤችፒ የዊንዶውስ መሣሪያ ነው፤ በዊንዶውስ በሚቀረው ላፕቶፕ ላይ አጥፋው። ቅንብሩ ፕሪንተሩ ውስጥ ስለሚቀመጥ አንዴ ካጠፋኸው ለሁሉም ማሽን ጠፋ ማለት ነው።

ስለ ባክአፕ፦ ታይምሺፍት ሲስተሙን ብቻ ነው የሚያስቀምጠው። የግል ፎልደሩን አንተ ካላዘዝከው በቀር አይነካም፤ ደብዳቤ ከጠፋ ከታይምሺፍት አታገኘውም። የሚያስቀምጥበት ዲስክ ደግሞ እንደ ኢኤክስቲ4 ያለ የሊኑክስ ክፍልፍል መሆን አለበት፤ በኤንቲኤፍኤስ ወይም በፋት32 የተሠራ የውጭ ዲስክ ብትሰካ አይቀበለውም። 2 ወይም 3 ቅጂ ብቻ እንዲያቆይ አድርገው፣ አለዚያ ዲስኩን ይሞላዋል። ለሰነዶቹ ዴጃ ዱፕ ጫን፤ የውጭ ዲስክ ላይ በፓስወርድ ቆልፎ ያስቀምጣል፣ በተያዘለት ቀንም ያስታውሳል። የመጀመሪያው ቅጂ ካለቀ በኋላ አንድ ፎልደር ወደ ሌላ ቦታ መልሰህ ክፈተው።

ስለ ፕሪንተሩ አንድ የረሳሁት፦ የፕለጊኑ ስሪት ከኤችፒሊፕ ስሪት ጋር እኩል መሆን አለበት። ትልቅ ዝመና በተደረገ ማግስት ማተም ካቆመ ድራይቨሩን አትንቀለው፤ ኤችፒ-ፕለጊን የሚለውን ትእዛዝ ብቻ እንደገና አስኪደው።